ተጫዋች አሠልጥኖ መሸጥ፦ በሃትሪክ ገበያ ትርፉ ያለው የት ነው?

በሬ አድልቦ ለበዓል የሚያቀርብ ሰው ትርፉን የሚያየው ሲሸጥ ቢሆንም ትርፉ የሚወሰነው ግን ቀደም ብሎ ነው። ከሲታውን በሬ በስንት ገዛው? መኖው በወር ስንት ይፈጃል? በረቱ ስንት በሬ ይይዛል? ከሁሉም በላይ ደግሞ በሬው ለፋሲካ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? በዓሉ ካለፈ በኋላ የቀረ በሬ መኖ መብላቱን አያቆምም። ገዥው ግን ተበትኗል።

ይኸው ስሌት በኮምፒዩተር ላይ ብቻ በሚገኝ የእግር ኳስ ገበያም ይሠራል። ገበያው ሃትሪክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በስዊድን የተጀመረ፣ በኢንተርኔት የሚካሄድ የቡድን አስተዳደር ጨዋታ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ቡድን ተረክቦ ተጫዋች ይገዛል፣ ያሠለጥናል፣ ያሰልፋል፣ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ የተሳታፊዎቹ ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በእጅጉ የወረደ ቢሆንም ገበያው ዛሬም አልተዘጋም።

በጨዋታው ውስጥ የሚዘዋወረው ገንዘብ የምናብ ገንዘብ ነው። ‹‹ደጋፊ›› የሚል ስያሜ ያለውን የአባልነት ክፍያ የሚከፍል ሰው አንዳንድ ተጨማሪ አገልግሎት ቢያገኝም በሜዳ ላይ ብልጫ አይሰጠውም። ስለዚህ አንድ ቡድን ሀብታም የሚሆነው ባለቤቱ ኪሱን ስለፈታ ሳይሆን ነግዶ ስላተረፈ ነው። የሃትሪክ ገበያ ለነጋዴ ትኩረት የሚስበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዘርፉ ራሱ ግን የቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ቴክ ቱ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ‹‹ቶፕ ኢለቨን›› የተሰኘውን ተመሳሳይ የቡድን አስተዳደር ጨዋታ የሠራውን ኖርዲየስ የተባለ የሰርቢያ ድርጅት ለመግዛት የተዋዋለው እስከ 378 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በሚደርስ ዋጋ ነበር።

ጨረታው

በሃትሪክ ተጫዋች የሚሸጠው በጨረታ ነው። ሻጩ መነሻ ዋጋ ቆርጦ ተጫዋቹን ገበያ ላይ ያወጣል፤ ጨረታው ሦስት ቀን ይቆያል። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አዲስ ዋጋ ከተሰጠ የመዝጊያው ሰዓት ይገፋል። ስለሆነም እንደ አንዳንድ ጨረታዎች በመጨረሻዋ ሰከንድ ብቅ ብሎ መንጠቅ አይቻልም። አንዴ ገበያ የወጣ ተጫዋች ደግሞ ሻጩ ሐሳቡን ቢቀይርም ከጨረታው አይነሳም። መነሻው ዝቅ ተደርጎ ከነበረና አንድ ገዥ ብቻ ከቀረበ በዚያው ዋጋ ይሄዳል።

ከሽያጩ ላይ የወኪል ኮሚሽን ይቆረጣል። ኮሚሽኑ ቋሚ አይደለም፤ ተጫዋቹ በቡድኑ የቆየበት ጊዜ ባጠረ መጠን ይከብዳል፣ በረዘመ መጠን ይቀላል። ተጫዋቹን መጀመሪያ ያፈራው ቡድንም ከሽያጩ ድርሻ አለው። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ዛሬ ገዝቶ ነገ የሚሸጠውን አየር በአየር ነጋዴ ማቀዝቀዝና፣ ዕሴት ጨምሮ የሚሸጠውን ማበረታታት ነው። በዚህ ገበያ ዕሴት የሚጨመረው ደግሞ በልምምድ ነው።

በሳምንት አንድ ልምምድ

የጨዋታው ትልቁ ደንብ አንድ ቡድን በአንድ ሳምንት የሚመርጠው አንድ ዓይነት ልምምድ ብቻ መሆኑ ነው። በረኝነት፣ መከላከል፣ ጨዋታ ማቀናበር፣ የክንፍ ጨዋታ፣ ኳስ ማቀበል፣ ግብ ማስቆጠርና የቆመ ኳስ መምታት በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። ልምምዱ በሳምንት አንድ ቀን ይሰላል። በዋናነት የሚጠቀሙበትም በዚያ ሳምንት ለልምምዱ በሚስማማው ቦታ ላይ ተሰልፈው የተጫወቱ ናቸው። አንድ ተጫዋች ሙሉ ልምምድ የሚያገኘው 90 ደቂቃ ሲሞላ ሲሆን፣ ከ90 በላይ ቢጫወት ተጨማሪ አያገኝም።

ቡድኑ በሳምንት ሁለት ጨዋታ ይኖረዋል። አንዱ የሊግ፣ ሌላው በሳምንቱ አጋማሽ የሚደረግ የጥሎ ማለፍ ወይም የወዳጅነት ጨዋታ ነው። እንግዲህ በአንዱ ጨዋታ አንዱን ቡድን ተማሪ፣ በሌላው ሌላውን ማሰለፍ ይቻላል። ይህን በሥራ መደብ ብንቆጥረው ውጤቱ እንዲህ ይሆናል።

በረኝነት የሚያሠለጥን ቡድን በአንድ ጨዋታ አንድ በረኛ ብቻ ስለሚያሰልፍ በሳምንት 2 መደብ አለው። ጨዋታ ማቀናበርን የመረጠ በአንድ ጨዋታ ሦስት የመሐል አማካዮችን ማሰለፍ ስለሚችል 6 ሙሉ መደብ ያገኛል፤ በክንፍ የሚጫወቱትም ግማሽ ያህል ይደርሳቸዋል። ግብ ማስቆጠርም በሦስት አጥቂዎች 6 መደብ ይሰጣል። የክንፍ ጨዋታ 4 ሙሉ መደብ ሲኖረው የመስመር ተከላካዮች ግማሽ ያገኛሉ። መከላከል አምስት ተከላካዮችን በማሰለፍ 10 መደብ ያስገኛል። ኳስ ማቀበል ደግሞ አማካዮችን፣ የክንፍ ተጫዋቾችንና አጥቂዎችን በአንድነት ስለሚጠቅም ከእነዚህ የሰፋ ነው።

ይህን የሚያይ ጀማሪ ‹‹እንግዲያው መደቡ የበዛው ይሻላል›› ሊል ይችላል። ገበያው ግን እንዲያ አይልም። መደቡ በበዛ ቁጥር አቅራቢው ይበዛል፤ አቅራቢው ሲበዛ ከአንዱ ተጫዋች የሚገኘው ትርፍ ይቀንሳል። ጥሩ የመሐል አማካይ በሜዳው ላይ ኳስን የመቆጣጠር ድርሻውን ስለሚይዝ ሁሉም ቡድን ይፈልገዋል፤ አንድ ቡድንም እስከ ሦስት ያሰልፋል። በረኛ ግን ለአንድ ቡድን አንድ ይበቃዋል፤ ለረጅም ዓመትም ስለሚያገለግል ገዥው ቶሎ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ የልምምድ ምርጫ የሦስት ነገሮች ድምር ነው፦ የመደቡ ብዛት፣ የአንዱ ተጫዋች ትርፍ፣ የገዥው ምልልስ።

ባዶ መደብም ይከፈልበታል

ብዙዎች የሚሳሳቱት በልምምዱ ዓይነት ሳይሆን የመረጡትን መደብ ሳይሞሉ በመቅረታቸው ነው። የልምምዱ ፍጥነት የሚወሰነው በዋና አሠልጣኙ ችሎታ፣ በረዳቶቹ ብዛትና ደረጃ፣ በልምምዱ ጥንካሬ፣ ከልምምዱም ለትንፋሽ በሚመደበው ድርሻ ነው። አሠልጣኙና ረዳቶቹ ደመወዛቸውን የሚወስዱት ስድስት ልጅ አሠለጠኑም ሦስት ያው ነው። ቋሚ ወጪ ማለት ይኸው ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ጨዋታ ማቀናበርን የመረጠ ቡድን ለአሠልጣኝና ለረዳቶች በሳምንት 24,000 ይከፍላል እንበል። ስድስቱም መደብ ከተሞላ የአንዱ ተጫዋች ድርሻ 4,000 ነው። ተጫዋቹ በ200,000 ተገዝቶ 16 ሳምንት ቢቆይና በሳምንት 5,000 ደመወዝ ቢወስድ፣ የመግዣው 200,000፣ የደመወዙ 80,000፣ የአሠልጣኙ ድርሻ 64,000 ሲደመር 344,000 ይሆናል። በ450,000 ተሽጦ 8 በመቶው ለኮሚሽንና ለመሳሰለው ቢቆረጥ እጅ የሚገባው 414,000 ነው። ትርፉ 70,000 ሆነ ማለት ነው።

አሁን ከስድስቱ መደብ ሦስቱ ብቻ ተሞሉ እንበል። የአሠልጣኙ ድርሻ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ወደ 8,000 ከፍ ይላል፤ በ16 ሳምንትም 128,000 ይደርሳል። የተገዛበት፣ ደመወዙና የተሸጠበት ዋጋ ሳይለወጥ ትርፉ ከ70,000 ወደ 6,000 ይወርዳል። በጠቅላላው ሲታይ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል። የመጀመሪያው ቡድን ከስድስት ተጫዋች 420,000 ሲያተርፍ፣ ሁለተኛው ከሦስቱ የሚያገኘው 18,000 ብቻ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። ተጫዋቹ ከ16ቱ ሳምንት አራቱን በጉዳት ወይም በአሰላለፍ ስህተት ቢያሳልፍና የሚጠበቅበትን ደረጃ ሳይደርስ በ330,000 ቢሸጥ፣ ከኮሚሽን በኋላ እጅ የሚገባው 303,600 ነው። ስድስቱ መደብ ሙሉ ሆኖ እንኳ በዚህ ልጅ ላይ 40,400 ኪሳራ ተመዘገበ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተወሰዱ ናቸው፤ ስሌቱ ግን በማንኛውም ዋጋ ያው ነው።

ዕድሜ፦ የማይቆም ሰዓት

በሃትሪክ አንድ የውድድር ዘመን 16 ሳምንት ወይም 112 ቀን ነው። በሊጉ ስምንት ቡድኖች ይገናኛሉ፤ 14 ጨዋታም ይደረጋል። የተጫዋች አንድ ዓመትም የሚቆጠረው በዚሁ በ112 ቀን ነው። ወጣት ተጫዋች ከ17 ዓመቱ ጀምሮ ወደ ዋናው ቡድን ይገባል። ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ልምምድ የሚቀበልበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ የችሎታው ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥርም ቀጣዩን ደረጃ ለመውጣት የሚወስድበት ጊዜ ይረዝማል። ዕድሜው ወደ ሠላሳዎቹ ሲዘልቅ ደግሞ ችሎታው መውረድ ይጀምራል።

ስለዚህ በገበያው ላይ ዓመቱን ብቻ አይቶ መግዛት ዋጋ ያስከፍላል። 17 ዓመት ከ2 ቀን የሆነውና 17 ዓመት ከ100 ቀን የሆነው ሁለቱም ‹‹የ17 ዓመት ልጅ›› ይባላሉ። አንደኛው ግን 110 የልምምድ ቀን ሲቀረው ሌላኛው በ12 ቀን ውስጥ 18 ይሞላል። ችሎታቸው እኩል ከሆነ ዋጋቸው እኩል ሊሆን አይገባም። ቀኑን ሳያዩ የሚጫረቱ ገዥዎች ያሉትን ያህል፣ ይህንኑ ጠብቀው ልደቱ የተቃረበውን ልጅ ገበያ የሚያወጡ ሻጮችም አሉ።

የደመወዝ ጉዳይም ከልደት ጋር የተያያዘ ነው። የተጫዋቹ ደመወዝ የሚከለሰው በልደቱ ቀን ነው። በዓመቱ ውስጥ ችሎታው ብዙ ያደገ ልጅ እስከ ልደቱ ድረስ በአሮጌው ደመወዝ ይቆያል፤ ልደቱ ሲደርስ ግን ሒሳቡ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ከውጭ አገር የተገዛ ተጫዋች ደግሞ ከአገር ልጁ ይልቅ 20 በመቶ የበለጠ ደመወዝ ይከፈለዋል። ርካሽ ነው ተብሎ ከውጭ የመጣ ልጅ ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየ ርካሽነቱ በደመወዝ ይበላል።

መቼ ይሸጣል?

የችሎታ ደረጃ በገበያ ላይ የሚታየው በሙሉ ደረጃ ነው፤ በመካከል ያለው ክፍልፋይ ግን አይታይም። ሁለት አማካዮች በአንድ ደረጃ ላይ ተጽፈው፣ አንዱ ትናንት የደረሰ፣ ሌላው ቀጣዩን ደረጃ ሊረግጥ አንድ ሳምንት የቀረው ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁለት የንግድ ደንብ ይወጣል። ሻጭ የሚያተርፈው ተጫዋቹ አዲስ ደረጃ እንደረገጠ ገበያ ሲያወጣው ነው። ገዥ የሚያተርፈው ደግሞ በአንድ ደረጃ ላይ ብዙ ሳምንት የሠለጠነውን ለይቶ ሲያገኝ ነው። ለዚህ ፍንጭ የሚሰጠው አጠቃላይ የችሎታ ጠቋሚ ቁጥር ሲሆን፣ ይህም ከችሎታ በተጨማሪ በወቅታዊ አቋምና በትንፋሽ ስለሚለዋወጥ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሰዓቱም ራሱ ዋጋ አለው። ጨረታው የሚዘጋው ገበያ ከወጣበት ሰዓት ልክ በሦስተኛው ቀን ነው። ከአውሮፓ ብዙ ተሳታፊ ያለበት ጨዋታ ስለሆነ በአውሮፓ ሌሊት የሚዘጋ ጨረታ ገዥ ያጣል። በእኩለ ሌሊት ያወጣ ሻጭ በእኩለ ሌሊት ይሸጣል፤ በምሽት ያወጣ ግን ተጫራቾቹ ሥራ ጨርሰው በተቀመጡበት ሰዓት ያገኛቸዋል። በሌላ አነጋገር፣ ባልተመቸ ሰዓት የሚዘጋ ጨረታ ለሻጭ ጉዳት፣ ለነቃ ገዥ ዕድል ነው።

ለአንድ ችሎታ ብቻ የሠለጠነ ተጫዋችና ሁለተኛ ችሎታ ያለው ተጫዋችም በገበያው እኩል አይታዩም። ደመወዝ በዋናነት የሚከተለው ከፍተኛውን ችሎታ ስለሆነ፣ ጥሩ አማካይ ሆኖ መከላከል ወይም ኳስ ማቀበል የሚችል ልጅ ለገዥው ብዙ ወጪ ሳይጨምር ብዙ ይሰጣል። የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኞች በተሳታፊዎች ድምፅ የሚመረጡ ሲሆኑ፣ እነሱም የሚከታተሉት እንዲህ ያሉትን ነው።

ነጥብ ወይስ ትርፍ?

ከባዱ ውሳኔ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ የሚሠለጥኑት ሜዳ ላይ ሲሰለፉ ነው። በሊግ ጨዋታ ሦስት የ17 ዓመት አማካዮችን ማሰለፍ ማለት ደግሞ የመሐል ሜዳውን ለተጋጣሚ ማስረከብ ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ ደጋፊው ያኮርፋል፤ ስፖንሰሩ ይቀንሳል፤ ከስታዲየም መግቢያ የሚገኘው ገቢም ይሳሳል። በአንጻሩ ለነጥብ ሲባል ያረጁትን ብቻ ያሰለፈ ቡድን የአሠልጣኙን ደመወዝ እየከፈለ የሚሸጥ ዕቃ አያመርትም።

ብዙ የቆዩ ቡድኖች የሚከተሉት መካከለኛ መንገድ አለ። ከሚያሠለጥኑት ቦታ ውጭ ያለውን አሰላለፍ፣ ማለትም በረኛውን፣ ተከላካዩንና አጥቂውን፣ ጠንካራና በርካሽ በሚገኙ የ28 እና የ29 ዓመት ተጫዋቾች ይሞላሉ። እነዚህ ዕድሜያቸው ስለገፋ የመሸጫ ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ለሜዳ ግን ገና አቅም አላቸው። በሊጉ የተሻሉትን ሦስት ተማሪዎች፣ በሳምንቱ አጋማሽ ደግሞ ጀማሪዎቹን ሦስት ያሰልፋሉ። የወዳጅነት ጨዋታ መሸነፍ ነጥብ አያስከፍልም።

የልምምዱን ዓይነት በየጊዜው መለዋወጥም ሌላው ፈተና ነው። የበረኛ ዋጋ ወጣ ሲባል ወደ በረኝነት፣ የአጥቂ ዋጋ ወጣ ሲባል ወደ ግብ ማስቆጠር የሚዞር ብዙ ነው። መለወጡ በጨዋታው ደንብ አያስቀጣም፤ ቅጣቱ ከክምችቱ ይመጣል። ስድስት ግማሽ የሠለጠኑ አማካዮችን የያዘ ቡድን ወደ በረኝነት ሲዞር አማካዮቹን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል ወይም ያለ ልምምድ ደመወዝ ይከፍላቸዋል። ደግሞም ዋጋ መውጣቱን ያየው እሱ ብቻ አይደለም። ሌሎቹም የዞሩት አብረው ስለሆነ፣ በረኞቹ ደርሰው ገበያ የሚወጡት በአንድ ሰሞን ነው፤ ዋጋውም ያን ጊዜ ይወርዳል።

በብድር መጫወትም ጣሪያ አለው። ዕዳው ከተፈቀደው መጠን ያለፈ ቡድን በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ካልከፈለ ይከስራል፤ ባለቤቱም ቡድኑን ያጣል። ካዝናውን አራግፎ አንድ ውድ ልጅ የገዛ ሰው፣ ልጁ ቢጎዳ ለሚቀጥለው ሳምንት ደመወዝ የሚሸጠው ሌላ ዕቃ የለውም። ለስድስት መደብ ስድስት መካከለኛ ልጆች መግዛት፣ ለአንድ መደብ አንድ ዕንቁ ከመግዛት የሚመረጠው ለዚህም ነው።

ለአዲስ ገቢ

ይህን ገበያ ለመቀላቀል የሚያስብ ሰው ገና ቡድኑን እንደተረከበ የሚጠብቀው ፈተና ካዝናው ውስጥ ያለውን ገንዘብ ለታዋቂ ተጫዋች ማዋል ነው። ከዚያ በፊት ግን በወረቀት ላይ አራት ነገር ቢጽፍ ይበጀዋል። አንደኛ፣ የትኛውን ልምምድ ለአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ሳይለውጥ ይዞ ይቆያል? ሁለተኛ፣ መደቦቹን ሁሉ የሚሞሉ ልጆች የመግዣ ገንዘብ አለው? ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ በስንት ቀኑ ልደቱን ያከብራል፣ ከዚያ በፊትስ ስንት ደረጃ ይወጣል? አራተኛ፣ በየትኛው ሳምንት፣ በየትኛው ሰዓት ይሸጣል?

አራተኛውን ጥያቄ ሳይመልስ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ አይሸጥም። ልጁ ጥሩ እየሆነ ሲሄድ ይሳሳለታል፤ ‹‹አንድ ደረጃ ብቻ ይጨምር›› ይላል። ያ አንድ ደረጃ ከቀደመው ይልቅ ረጅም ሳምንት ይወስዳል፤ ልደቱ ይደርሳል፤ ደመወዙ ይከለሳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ መደቡን የያዘው እሱ ስለሆነ፣ በፍጥነት ሊያድግ ይችል የነበረው አዲስ የ17 ዓመት ልጅ ከውጭ ቆሞ ይቀራል። የደለበውን በሬ ወድዶ ከፋሲካ በኋላም በበረት ያስቀመጠ ሰው የሚያጣው የአንዱን በሬ ትርፍ ብቻ ሳይሆን በዚያ ቦታ ሊገባ ይችል የነበረውን የሚቀጥለውን በሬ ጭምር ነው።